ለማስታወቂያው ሙዚቃውን መልሱለት

ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ጨዋታ መስለው ስለሚተላለፉ፣ ገንዘብ ስለተከፈለባቸው መልእክቶች

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ የመረጡኝ ልጄ የሚማርበት ትምህርት ቤት ወላጆች ናቸው። እንድጽፈው የተላክሁት ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ እነሱን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ስልካቸውን አውጥተው በቴሌግራም የደረሳቸውን ቪዲዮ አሳዩን። ልጆቻችን ጠዋት ማታ የሚያዩት የካርቱን ፊልም ቆም ይደረጋል፣ የምስሉ አንድ ጥግ በቀይ ክብ ይከበባል፣ ከዚያ "ይኸው፣ እዚህ ጋ ተደብቋል" የሚል ድምፅ ይሰማል። ዓይን ሳያየው አእምሮ የሚቀዳው ምስል አለ፤ ልጆቻችሁን እየቀረጸ ያለው እሱ ነው ይላል ተናጋሪው። ስብሰባው የተጠራው ስለ ክፍያ ጭማሪና ስለ መጸዳጃ ቤት ለመነጋገር ነበር። የቀረውን ሰዓት በሙሉ ይህ ጉዳይ ወሰደው። አንዲት እናት አለቀሱ። በመጨረሻም "ባለሥልጣኑ የልጆች ፊልሞችን ምስል በምስል ይመርምርልን" የሚል ደብዳቤ እንዲጻፍ ተወሰነ። ዘጠኝ ዓመት ሬዲዮ ላይ ስለሠራሁ ሥራው ለእኔ ተሰጠ።

የወላጆቹን ፍርሃት አልናቅሁትም፤ እኔም ልጅ አለኝ። ግን የማላውቀውን ነገር ፈርሜ መላክ ስለከበደኝ ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ።

የዚህ ሁሉ ስጋት ሥር ሲቆፈር የሚገኘው ጄምስ ቪካሪ የሚባል አሜሪካዊ የገበያ ጥናት ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በኒው ጀርሲ ግዛት ፎርት ሊ በምትባል ከተማ፣ አንድ ሲኒማ ቤት ውስጥ ለስድስት ሳምንት ሙከራ አድርጌአለሁ ብሎ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ፊልሙ እየታየ በየአምስት ሰከንዱ፣ ለሰከንድ አንድ ሦስት ሺህኛ ብቻ፣ "ፈንዲሻ ብሉ"፣ "ኮካ ኮላ ጠጡ" የሚል ጽሑፍ ሸራው ላይ ብልጭ ይል ነበር አለ። ተመልካቹ ምንም ሳይታየው የፈንዲሻው ሽያጭ ከግማሽ በላይ፣ የኮካው ደግሞ በ18 በመቶ ገደማ ጨመረ አለ። ስንት ሰው ተመለከተ ሲባልም 45,699 ብሎ ቁጥሩን ሳያጠጋጋ ጠራው። ቁጥር እንዲህ ተዘርዝሮ ሲነገር ያሳምናል፤ ይህን ከሙያዬ አውቀዋለሁ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ዓለም ተደናገጠ። እ.ኤ.አ. በ1962 ግን ቪካሪ ራሱ ለአንድ የማስታወቂያ መጽሔት በሰጠው ቃል፣ የሰበሰበው መረጃ አንዳች ነገር ለማለት የማይበቃ ኢምንት እንደነበር አመነ።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን የካናዳው ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 መጀመሪያ የካናዳ ብሔራዊ ቴሌቪዥን ነገሩን ራሱ ሊሞክረው ተነሣ። በአንድ እሑድ ምሽት ፕሮግራም ላይ ስውር መልእክት እንደሚተላለፍ ለተመልካቹ ተነገረ፤ መልእክቱ ምን እንደሆነ ግን አልተነገረም። "አሁኑኑ ስልክ ደውሉ" የሚል ጽሑፍ 352 ጊዜ ብልጭ ተደረገ። የስልክ ጥሪ አልጨመረም። ነገር ግን ከተመልካቾች ወደ 500 የሚጠጋ ደብዳቤ መጣ፤ ብዙዎቹም ፕሮግራሙን እያየን ራበን፣ ጠማን የሚሉ ነበሩ። መልእክቱ ስለ ምግብም ሆነ ስለ መጠጥ አንዲት ቃል አልነበረበትም። ሰዎቹ የፈንዲሻውንና የኮካውን ወሬ ቀድመው ሰምተው ነበርና፣ የሠራባቸው ያ የሰሙት ወሬ ነው።

ይህን ሳነብ የቴሌግራሙ ቪዲዮ ትዝ አለኝ። ቀዩ ክብ ከመሠራቱ በፊት ከመካከላችን አንድም ሰው ያየው ነገር አልነበረም። ክቡ ሲዞርበት ሁላችንም አየነው፤ ያች እናትም ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው።

አላጋንን፤ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ባዶ ነው ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የኔዘርላንድ ጥናት፣ የመጠጥ ስም ለዓይን በማይያዝ ፍጥነት የታያቸው ሰዎች፣ አስቀድሞ የጠማቸው ከሆነ ብቻ፣ ያንን መጠጥ የመምረጥ ዝንባሌ እንዳሳዩ አግኝቷል። ያልጠማው ላይ አልሠራም። ይህ በቤተ ሙከራ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው፣ ለጥቂት ደቂቃ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 እንዲህ ያለው ዘዴ ከሕዝብ ጥቅም ጋር የሚጋጭ ነው ስትል አውጃለች፤ የአውሮፓ ኅብረት የብሮድካስት ሕግም ይከለክለዋል። በእኛም ደንብ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ ከተባለ አልቃወምም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። የመሥሪያ ቤታችሁን ሠራተኞች ግን ካርቱን ፊት አስቀምጣችሁ ምስል ስታስቆጥሩ እንድትውሉ አልጠይቅም። በዚያው ሰዓት የሚሰማ ሌላ ነገር አለ።

እሱን ከመናገሬ በፊት አንድ ሙከራ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ ጋዜጦች ላይ፣ ማስታወቂያ በሚወጣበት ቦታ፣ ምንም ማብራሪያ የሌላቸው እንግዳ ቃላት መታተም ጀመሩ፤ ካዲርጋ፣ ሳሪቺክ፣ ናንሶማ፣ ኢክቲታፍ። አንዳንዱ አንድ ቀን ብቻ ወጣ፣ አንዳንዱ 25 ጊዜ ተመላለሰ። ኋላ ተማሪዎቹ "ይህ ቃል ትርጉሙ ጥሩ ነገር ይመስልሃል ወይስ መጥፎ?" ተብለው ሲጠየቁ፣ ደጋግመው ያዩትን ቃል ጥሩ ነው አሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛዮንትስና ባልደረባው ያደረጉት ነው። ቃላቱ በወፍራም ቀለም በጠራራ ፀሐይ ታትመው ነበር፣ ከዓይን የተሰወረ ፊደል አልነበረም። አንባቢው ያላወቀው ነገር ቢኖር ማን፣ ለምን እንዳሳተማቸው ነው።

የእኔም ኃጢአት እዚህ ጋ ነው።

እንደምታውቁት በአዲስ አበባ የኤፍኤም ጣቢያዎች አብዛኛው የመዝናኛና የቤተሰብ ፕሮግራም የሚሠራው በተባባሪ አዘጋጅ ነው። የአየር ሰዓቱን ከጣቢያው ትገዣለሽ፣ ወር ሲደርስ ትከፍያለሽ፣ የምትከፍይበትን ብር የምታገኚው ከስፖንሰር ነው። ስፖንሰር ያጣ ፕሮግራም በሁለተኛው ወር ከአየር ይወርዳል። እኔም ለዓመታት ቢሮ ለቢሮ ፕሮፖዛል ይዤ የዞርኩ ሰው ነኝ። አንድ ቀን በውኃ የሚበጠበጥ የጁስ ዱቄት የሚያከፋፍል ድርጅት የገበያ ክፍል ኃላፊ እንዲህ አሉኝ፦ "ስፖት (ለብቻው የሚለቀቅ ማስታወቂያ) አልፈልግም። ስፖት ሲመጣ ሰው ጣቢያ ይቀይራል። በጨዋታሽ መሃል አስገቢልኝ።"

ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የአድማጭ ጥያቄ ነበር፦ "አንዲት እናት ልጄ ምግብ አልበላ አለኝ፣ ምን ላድርግ ብለው ጠይቀውናል።" ቀጥሎ የእኔ መልስ ተጽፏል፤ መልሱ ውስጥ ደግሞ የዱቄቱ ስም፣ ቫይታሚኑ፣ ለትምህርት ቤት ምሳ ዕቃ እንዴት እንደሚመች። ወረቀቱ "አንዲት እናት" ነው የሚለው። ማይክራፎኑ ሲበራ "ከኮልፌ የደወሉልን እናት" ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ቦታ ሲጠራ ነገር እንደሚታመን ስለማውቅ ነው፤ የቪካሪ 45,699 ለእኔ ኮልፌ ነበረች። ያች እናት የለችም። በአምስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ደወለች፤ አንዴ ልጇ አልበላ ብሎ፣ አንዴ ስለተሻለው ልታመሰግን፣ አንዴ እህቷ የት እንደሚገኝ ጠይቃት።

ከዚያ በአንዱ ቅዳሜ ጎረቤት ቡና ተጠራሁ። እማማ እንላቸዋለን፤ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ፣ ጉልት የሚቸረችሩ ሴት ናቸው። ቡናው እየተቀዳ ልጁ ገባና አንድ ብርጭቆ ብርቱካናማ ነገር ተሰጠው። ፓኬቱን አወቅሁት። "እማማ፣ ይሄን ከየት አመጡት?" አልኳቸው።

"አንቺ ያልሽው ነው እኮ ልጄ" አሉኝ። "የወተቱን ትቼ በሱ ለወጥኩት። ረከሰኝም።"

"እሱ እኮ ማስታወቂያ ነው፣ እማማ።"

አላመኑኝም። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያለ መልስ ሰጡኝ፦ "ማስታወቂያማ ሲሆን ሙዚቃ አለው። ድምፁ ይለወጣል፣ ይቸኩላል። አንቺ እኮ እያጫወትሽን ነበር።"

ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ናቸው። ግን ማስታወቂያን የሚለዩበት የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ያ ሕግ ዕድሜ ልካቸውን ሠርቶላቸዋል። ሙዚቃው ሲመጣ ጆሯቸውን ሰብሰብ አድርገው "እሱ ሊሸጥ ነው" ብለው ይጠብቃሉ። እኔ ሙዚቃውን አንሥቼ ገባሁ። ስውር መልእክት ማለት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የተናገርኩትን ቃል በሙሉ ሰምተውታል። የተሰወረባቸው መከፈሌ ብቻ ነበር።

ወዲያው አቆምኩ ብል ዋሸሁ። የአየር ሰዓት ዕዳ ነበረብኝ፣ ሁለት ወር ቀጠልኩ። ከዚያ በኋላ ነው የለቀቅሁት።

ይህ የእኔ ፈጠራ አለመሆኑን ኋላ ነው ያወቅሁት። እ.ኤ.አ. በ1929 የፋሲካ ዕለት በኒው ዮርክ አምስተኛው ጎዳና ላይ ሴቶች ሲጋራ እያጨሱ ሲሄዱ ታዩ፤ ጋዜጦችም የሴቶች የነፃነት ጥያቄ ነው ብለው እንደ ዜና ዘገቡት። ሰልፉን ያዘጋጀው ኤድዋርድ በርኔይስ የሚባል የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነበር፤ ገንዘቡ ደግሞ የሲጋራ ኩባንያ። አንባቢው ዜና መስሎት አነበበ። የኮልፌዋ እናት የእነዚያ ሴቶች ታናሽ እህት ናት።

ባልደረቦቼ "አድማጭ ብልህ ነው፣ ይገባዋል፤ ቅኔ የለመደ ሕዝብ እኮ ነው" ይሉኛል። በዚህ ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። ቅኔ የሚሰማ ሰው ቅኔ ሊሰማ ነው የተቀመጠው። ወርቁ እንዳለ ያውቃል፣ ይፈልገዋል፤ ተቀኚውም እንዲገኝለት ነው የሚደብቀው፤ ሳይገኝለት ከቀረ ያዝናል። እኔ የደበቅሁት ከተገኘ ግን ገንዘቤን አላገኝም ነበር። ቡና ሊጠጣ የተቀመጠን ሰው ወርቁን ባለማግኘቱ ብልህ አይደለም ልንለው አንችልም።

ስለ ልጆች ደግሞ ለየት ብዬ ልናገር፤ ደብዳቤው የመጣው ከወላጆች ነውና። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሪፖርት፣ ስምንት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ማስታወቂያ ሊያግባባቸው የተሠራ መሆኑን እንደማይረዱ ገልጿል። ግልጹን፣ ሙዚቃ ያለውን ማስታወቂያ ማለቱ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ከ12 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ያነጣጠረ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ከልክላለች። እኛ ጋ የልጆች ፕሮግራም አቅራቢዋ "ልጆች፣ እኔ ጠዋት ጠዋት የምበላው ምን መሰላችሁ?" ብላ ብስኩቱን ከፍ አድርጋ ስታሳይ፣ የስድስት ዓመት ልጅ በምን ይለየዋል? ቀይ ክብ የሚያስፈልገው እዚያች ብስኩት ላይ ነበር።

ሕግ የለንም አልልም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ፕሮግራም በግልጽ ተለይቶ እንዲቀርብ ያዛል። ሕግ ሲፈጸም ምን እንደሚመስልም አይተናል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጥቶ የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲታገድ፣ ያለ ቢራ የማይታሰበው የበዓል ዋዜማ ፕሮግራም ገጽታው ተለወጠ። ጣቢያዎቹ ገቢያችን ይቀንሳል ብለው ሰግተው ነበር፤ ዛሬም በዓል ሲመጣ የበዓል ፕሮግራም አለ። ስለዚህ ጉልበቱ አለ። የጎደለው "በግልጽ ተለይቶ" የሚለው ቃል ስቱዲዮ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ የሚናገር ዝርዝር ነው። እኔ ያን ሁሉ ስሠራ አዋጁን ጥሰሻል ያለኝ ሰው አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም የጣስኩ አልመሰለኝም ነበር።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ፣ ተከፍሎባቸው ዕቃ የሚያሳዩ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ሲጀምሩና ሲያልቁ፣ ከማስታወቂያ ዕረፍት ሲመለሱም፣ በስክሪኑ ጥግ አንድ ፊደል እንዲያሳዩ አደረገች። ተመልካቹ ፊደሉን ሲያይ ያውቃል፣ አለቀ። አሜሪካ ደግሞ የሬዲዮ ሰዎች በድብቅ ገንዘብ እየተቀበሉ ዘፈን ሲያጫውቱ ከተያዙ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ክፍያው ለአድማጭ እንዲነገር በሕግ አስገደደች።

እኔ የምለምናችሁ ከዚህ የቀለለ ነው። ለማስታወቂያው ሙዚቃውን መልሱለት። በአገሪቱ ባሉ ጣቢያዎች ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ሁለት ሰከንድ የማይሞላ ድምፅ ይመረጥ፤ ለምሳሌ የመሰንቆ ሁለት ምት። አዘጋጁ ተከፍሎት የሚናገረው ነገር ሊጀምር ሲል ይሰማ፣ ሲጨርስም ይሰማ። ፊደል ያልቆጠረውም፣ ዓይነ ስውሩም፣ የስድስት ዓመቷም ልጅ ይለዩታል። በቴሌቪዥን ከድምፁ ጋር በጥግ የሚቆም ምልክት ይጨመርበት። ከፋዩም በስሙ ይጠራ፤ "ይህን ፕሮግራም ወዳጆቻችን ያቀርቡላችኋል" የሚለው አነጋገር ማንን እንደሚሸፍን ሁላችንም እናውቃለን።

በከፋይ የተጻፈ የአድማጭ ጥያቄ፣ በከፋይ የተቀናበረ የአድማጭ ስልክ ግን በምልክትም ቢሆን እንዳይፈቀድ እለምናለሁ። እሱ ውሸት ነው፣ ምልክት አያጸዳውም። በልጆች ፕሮግራም ላይም አቅራቢዋ ራሷ ዕቃ እንዳታሻሽጥ ይከልከል።

ስፖንሰር ይሸሻል የሚል ሥጋት ከተባባሪ አዘጋጆች እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ሥጋታቸው የእኔም ነበር፣ የአየር ሰዓት ዋጋ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ብቻዬን "ይህ ማስታወቂያ ነው" ብል ኖሮ፣ ዱቄቱ እንዲህ ወደማይል ሌላ አዘጋጅ ይሄድ ነበር። መሰንቆው በሁሉም ጣቢያ ከተመታ ግን የሚሄድበት የለም። ለዚህ ነው ወደ አንድ ጣቢያ ሳልሄድ ወደ እናንተ የጻፍኩት። የቲክቶክና የዩቲዩብ ነገር ከዚህ የባሰ መሆኑ አይጠፋኝም፤ ሆኖም ፈቃድ ሰጥታችሁ በስም የምታውቋቸው ጣቢያዎች ቅርብ ናቸው፣ ከእነሱ ይጀመር።

የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለወላጅ ኮሚቴው እሰጣለሁ። ቪዲዮውን ላሳዩን አባትም ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው አንድ ምሽት ቴሌቪዥን እንዲያዩና፣ ሊሸጥላቸው የመጣ ሰው በተናገረ ቁጥር ጠረጴዛውን መታ እንዲያደርጉ እነግራቸዋለሁ። እኔና ልጄ ሞክረነዋል። መጀመሪያ የምመታው እኔ ብቻ ነበርኩ። አሁን አንዳንዴ ይቀድመኛል።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ ይህኛው ለባለሥልጣኑ ሳይሆን ለአድማጮቼ ነው። ከኮልፌ የደወሉልን እናት ያልኳችሁ ሴት የሉም። ስለ ጁስ ዱቄቱ የነገርኳችሁ ሁሉ ማስታወቂያ ነበር፤ ተከፍሎኝ ነው የተናገርኩት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የቀድሞ የኤፍኤም ሬዲዮ ተባባሪ አዘጋጅ
አዲስ አበባ